«ጨፍሩ» ከማለታችሁ በፊት

የመጀመሪያ የሐረር ሥራዬ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ጀጎል አጠገብ፣ ግቢ ውስጥ በተተከለ ድንኳን። የሙሽሪት ዘመዶች ሐረሪ፣ የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ከድሬዳዋ የመጡ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች። ማይኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ከረቡ የሚሉት ከበሮ፣ በእጃቸው ከበል የሚሉት ጥንድ ጥንድ የእንጨት ማጨብጨቢያ። እኔም በድሬ ጉልበቴ «አሁን ደግሞ የሐረርን ባህላዊ ጭፈራ ይዘውልን ይቀርባሉ፣ ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» አልኩ።

ያጨበጨበ የለም። መሃል የተቀመጡት ሀጂ ከበላቸውን ቀስ አድርገው ምንጣፉ ላይ አኖሩት፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጠጋ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ማነው የሚጨፍረው?» አሉኝ። ሊያሰሙ የተቀመጡት ዝክሪ ነበር። አላህንና ነቢዩን የሚያወሱበት፣ ምርቃት ያለበት፣ ሐረር ውስጥ ያለ እሱ ሰርግ ሰርግ የማይመስልበት ነገር። ሰውነት ይወዛወዛል፤ እጅ ይመታል፤ ከበሮ አለ። ለዓይን ጭፈራ ነው። ለእሳቸው ግን አይደለም፤ ጭፈራ ብሎ መጥራት መስጊድን አዳራሽ ብሎ እንደመጥራት ነው።

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሰርግ ለመምራት ለተነሳ ሰው ነው። ሥራዬ ብሎ የያዘውም ይሁን፣ «አንቺ አፍ አለሽ፣ ያዢው» ተብላ ማይክ የተሰጣት የሙሽሪት የአክስት ልጅ ትሁን። ምግቡን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የምነግራችሁ አንዲት ቃል እንዴት እንደምትነገር ብቻ ነው፦ «ጨፍሩ»። በአራት ቋንቋ ዘመድ በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ ከባዷ ቃል እሷ ናት፤ «ብሉ» እና «ጠጡ» በጣት ምልክት ያልፋሉ።

ዋናው ዘዴ ይኼ ነው፦ «ዳንስ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲያ ብላችሁ ስትጠይቁ ሰው አንድ ቃል ፈልጎ ይሰጣችኋል፤ ያ ቃል ደግሞ ወይ የመዝገበ ቃላት ነው፣ ወይ የቴሌቪዥን። «የሙሽራው እናት በደስታ ስትነሳ የምታደርገው ምን ይባላል? ማን ይጀምረዋል? ተቀምጦስ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ «ለዓይን ጭፈራ የሚመስል፣ ግን እንዲያ ከተባለ የምትቀየሙበት አለ?» በሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ሀጂ ናቸው ያስተማሩኝ፤ አሁን መጀመሪያ የምጠይቃት እሷን ነው።

ይህ የሚደረገው ከሰርጉ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ነው። ስልክ አይሆንም። ስልክ ላይ የሚያናግራችሁ ወንድምየው ነው፤ እሱ ደግሞ «አቦ ምንም ችግር የለም፣ ዝም ብለሽ አሙቂው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ቤት ስትሄዱ ግን አሮጊቶቹ አሉ። ሐረር ከሆነ ጫማ አውልቃችሁ ነደባ የሚሉት ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ሆጃ የሚሉት ትኩስ መጠጥ ይቀርብላችኋል፣ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጨርሱ አንዷ ተነስታ እያሳየች ታስረዳችኋለች። ለእኔ መዝገበ ቃላቱ እሷ ናት። ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ይዤ ነው የምሄደው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ከሆነ ግን፣ የሰርጉ ቀን ከድንኳኑ በስተጀርባ ወጥ የምታማስለዋን ሴት ያዙ። ለእኔ የወንድምየውን ያህል አሥር እጥፍ የምታውቅ እሷ ሆና ነው የተገኘችው።

«አይነካም» የሚባለው ዝርዝር ከምትገምቱት በላይ ረጅም ነው። የኦርቶዶክስ ሰርግ ላይ መዘምራን ከበሮና ጸናጽል ይዘው ገብተው ካሸበሸቡ ሽብሸባ ነው፣ ወረብ ከሆነ ወረብ ነው። «ዲያቆናቱ ሊጨፍሩልን ነው» ያለ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ የንስሐ አባትየው አንገታቸውን ያዞሩበት አዟዞር እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። የጴንጤ ሰርግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘፈን ጭራሽ አይገባም። ቢዘልሉም፣ ቢያጨበጭቡም፣ ላብ በላብ ቢሆኑም እየዘመሩ ነው፣ እያመለኩ ነው፤ «እናመስግን» በሉና ዞር በሉ። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮንያ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሰው የሚሽከረከሩት የቱርክ ደርዊሾች፣ ፊልም የሚያነሳው ሁሉ «ዳንስ» የሚለውን፣ እነሱ ሴማ ነው የሚሉት። ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ «መስማት» ማለት። እነሱ እየሰሙ ነው። የየመን ደጋ ሰዎችም ጃምቢያ የሚሉትን ጩቤ መዘው በከበሮ የሚራመዱትን በረዕ ይሉታል እንጂ ረቅስ አይሉትም፤ ረቅስ የዐረብኛው «ዳንስ» ነው፣ በረዕ ግን ለእነሱ የጎሳ ክብር ነው። ድሬ የየመን ዘር ያለበት ቤት ስለማይጠፋ ይህን መያዝ አይጎዳም።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ አማርኛውን የሚያውቀው ይመስለዋልና።

ስሙን ትታችሁ ግሱን አድምጡ። ጭፈራ ይጨፈራል። እስክስታ ይመታል ወይም ይወረዳል። ዳንኪራ ይረገጣል። ዳንስ ይደነሳል። እያንዳንዱ የየራሱ አካል አለው። እስክስታ ትከሻ ነው፤ ጎጃሜ አጎት ባለበት «እስክስታ!» ካላችሁ መሃሉን ክፍት አድርጉለት፤ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል ግን ዙሪያው ሰው ይፈልጋል። ዳንኪራ እግር ነው፣ እሱም ስድብ ያለበት እግር፤ «ዳንኪራ ሲረግጡ አደሩ» የሚለው ያልተጋበዘ ጎረቤት ነው። ማይክ ላይ አይወጣም። ውዝዋዜ የመድረክ ቃል ነው፤ ልብስ ቀይሮ፣ ተሰልፎ፣ ተለማምዶ የሚወጣ የባህል ቡድን ተወዛዋዥ ይባላል፤ የሙሽሪት አክስት ተወዛዋዥ አይደለችም፤ «ተወዛወዢ» ብትሏት ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ አምፖል ያደረጋችኋት ይመስላታል። ዳንስ ደግሞ ሁለት ሰው ተያይዞ ዝግ ብሎ የሚሄድበት ነው፤ ሙሽሮቹ ኬክ ከቆረሱ በኋላ ያለው። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት «ሁላችሁም ዳንስ!» ስትሉ ግማሹ ሰው የሚቀመጠው ለዚህ ነው። መተቃቀፍ መስሎት ነው።

ጭፈራ ከሁሉ ሰፊው ነው። ውስጡ ድምፅም አለ። ልጆች ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ «ይጨፍራሉ» እንላለን፤ የሚያደርጉት ግን መዝፈንና ዱላ መሬት ላይ መምታት ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ «ይጨፍራሉ»፤ እሱም ዜማ ነው። ስለዚህ አንድ አማራ አያት «ጨፍሪልኝ እስቲ» ብትላችሁ አፍም እግርም ነው የምትጠይቀው። ችግሩ በዚህ ዘመን «ጭፈራ ቤት» የሚባል ነገር መጥቶ ቃሉን ትንሽ አሰከረው። ሃይማኖት የጠበቀ ቤት ከሆነ ለዚያ ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ዘፈን ላይ ደግሞ አንዴ ከአያቴ ጋር ተጣልተናል። እሷ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፣ እኔ ሰርግ እመራለሁ። «የሄሮድያዳ ልጅ ዘፍና ነው የመጥምቁን አንገት ያስቆረጠችው፣ አንቺም ዘፋኝ ታጃቢያለሽ» አለችኝ። ማቴዎስ 14፥6 ላይ እውነትም «በመካከላቸው ዘፈነች» ይላል። ልጅቱ ግን ያደረገችው ዘመናዊው አማርኛ እንደሚያሰማን መዝፈን አይደለም። በግዕዝ ዘፈነ ማለት ዛሬ ጨፈረ የምንለው ነው። ቃሉ ከእግር ወደ ጉሮሮ የተሰደደው አማርኛ ውስጥ ነው። መክብብ 3፥4ም «ለመዝፈንም ጊዜ አለው» ሲል በዕብራይስጡ ያለው ቃል መዝለልና መጨፈር ነው። የማቴዎስ የግሪኩ ግስ ደግሞ ኦርኬስትራ የሚለው ቃል የወጣበት ነው፤ በጥንቱ የግሪክ ቲያትር ኦርኬስትራ የሚባለው ሙዚቀኞቹ ሳይሆኑ ሰዎቹ የሚጨፍሩበት ክብ ሜዳ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ኦርኬስትራ የምንለው ኪቦርዱንና ሳክስፎኑን የያዙትን ነው፤ ቦታው ለሰዎቹ ስሙን አውርሶ ሄደ። ገላትያ 5፥21 ላይ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው ቃልም በግሪኩ የሰከረ ሰው የሌሊት ፈንጠዝያ ነው፤ የኪቦርድ ሥራ አይደለም። ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳት። አዳምጣ ጨርሳ «እሺ፣ ስካሩ የለም ወይ ታዲያ?» አለችኝ። እዚያ ላይ ዝም አልኩ።

ኦሮምኛው ከግዕዙ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲርባ ዘፈንም ነው፣ ጭፈራም ነው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ነው ለማለት እንኳ ይከብደኛል፤ ለሐረርጌ ሰው የሚለያይ ነገር የለውም፣ እየዘፈነ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ገና አልጀመረም። ይህን ያልተረዳሁ ጊዜ፣ አንድ ሰርግ ላይ «አንድ ሲርባ ስጡን» ብዬ ማይኩን ወደ ሦስት ሴቶች ዘረጋሁ፤ ሦስቱ ይዘፍኑልኛል ብዬ። የድንኳኑ ግራ ክንፍ በሙሉ ተነሳ። ወንበር ወደቀ፣ ጠርሙስ ተንከባለለ፣ ማይኩ እጄ ላይ ቀረ። የፈለገውም አልነበረም።

ሸጎዬ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ማይክ አይፈልግም። የሐረርጌ ኦሮሞ ጨዋታ ነው። ወንዶቹና ሴቶቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የሚንቀሳቀሰው አንገትና ራስ ነው፤ ድምፁ ከራሳቸው ጉሮሮ ይወጣል፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ልጅቱ ፀጉሯን ስትመልስ፣ ልጁ ተጠግቶ ተጠግቶ ግን ሳይነካት ሲቆም፣ መሃላቸው ያለችው ስንዝር ቦታ ናት ጨዋታው። እዚያ ላይ ኪቦርዲስቱ የተዘጋጀ ምት ከለቀቀበት አለቀ፤ ያቺ ስንዝር ትጠፋለች። ከእኔ ጋር የሚሠራው ልጅ ጋር ምልክት አለን፦ ቀኝ እጄን ጨብጬ ደረቴ ላይ ካደረግሁ እጁን ከኪቦርዱ ያነሳል። ይህችን ምልክት ለማስተማር ሁለት ሰርግ ፈጅቶብኛል። እናንተ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቀብድ ሲቀበል ንገሩት፣ ያኔ ነው የሚሰማው።

ሶማሊኛው ግን ከሁሉ በላይ የረዳኝ ነው። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ነው ያደግሁት፤ የጎረቤታችን እናት ልጆቿን ለምሳ ስትጠራ «ዒያሩን ተዉና ግቡ» እያለች ነበር፤ ኳስ ማለቷ ነው። ዓመታት አልፈው ሰርግ ላይ ያው ቃል መጣ፦ ዒያር። ጨዋታ፣ ኳስ፣ ጭፈራ፣ ሁሉም ዒያር ነው። የኳስ ቡድን አባላትና ዳንቶ የሚባለውን ጭፈራ የወጡ ሰዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ለይታችሁ ለመናገር ከፈለጋችሁ «ቆብ ካ ዒያር» የሚል አለ፤ ቆብ ሰኮና ነው፤ በሰኮና መጫወት እንደማለት። አማርኛው ሰው ላይ ሰኮና አይገጥምም፤ ከብት አርቢ ቋንቋ ግን ለእግር ከሰኮና የተሻለ ክብር ከየት ያመጣል? ዳንቶ ራሱ በረድፍ፣ በጭብጨባ፣ ሄድ መለስ እያሉ የሚጫወቱት ነው፤ የግመል አካሄድ አለው ይላሉ የሚጫወቱት።

ይህ «መጫወት» የሚለው መንገድ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ቱርኮች ኦዩን ይላሉ፤ የልጆችም ጨዋታ ነው፣ የአገር ባህል ጭፈራም ነው። ስዋሂሊኛ ኩቼዛ፣ መጫወትም መጨፈርም ነው። ከናይሮቢ የመጣ የሶማሊ ሙሽራ ወንድም ሲያስረዳኝ፣ ንጎማ የሚለው ቃላቸው ከበሮውም፣ ጭፈራውም፣ ድግሱም መሆኑን ነገረኝ፤ «ንጎማ አለ» ስትል ሰው ከበሮ ሊገዛ አይመጣም። የመኖቹም ከበረዕ ሌላ ያለውን ቀለል ያለውን ጭፈራ ከጨዋታ በወጣ ቃል ነው የሚጠሩት።

እኛስ? እኛም አለን፣ አጠገባችን ስላለ ነው ያላየነው። «ተጫወቱ!» ቤታችን እንግዳ ሲመጣ የምንለው። ወሬውም ጨዋታ ነው፤ ማሲንቆውንም «ይጫወታል» ነው የምንለው። ሐረር ላይ ከተሸማቀቅሁ በኋላ የያዝኳት ቃል ይህች ናት። የማላውቀው ዘመድ ሲገባ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ሳላረጋግጥ፣ «አቦ ተጫወቱ!» እላለሁ። የሚጨፍር ይጨፍራል፣ የሚዘፍን ይዘፍናል፣ የሚቀመጥ ደግሞ ጎረቤቱን ያወራል፤ ማንም አልታዘዘም፣ ማንም አልተነካም። ዝክሪና ወረብ ላይ ብቻ አይሠራም። እዚያ የነገሩን ስም ትጠራላችሁ፣ ማይኩን ትዘጋላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ። ሀጂ ጋር ከዓመት በኋላ ሌላ ቤት ስንገናኝ እንደዚያ ነው ያደረግሁት፤ «ዝክሪ» ብቻ አልኩ። ከበላቸውን አነሱ።

ግን «ተጫወቱ»ን ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ፤ የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ይሆናል። ሰው በራሱ ቋንቋ ሲጠራ የሚነሳው አነሳስ ሌላ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ሁለት እግሬን አስገብቼበታለሁ። በአማርኛ የብሔረሰቡን ጭፈራ በቋንቋው ስም ነው የምንጠራው። «ትግርኛ ክፈትልን»፣ «ጉራግኛ እንጨፍር» እንላለን። ትግርኛ ተናጋሪው ራሱ ጓይላ አለው፣ ሳዕስዒት አለው፤ እኛ ግን ቋንቋውን እንዳለ ወስደን እግር አበጀንለት። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አያት በጉራግኛ ሊመርቁ ተነሱ። አማርኛ ይችላሉ፤ ግን ምርቃት በአፍ መፍቻ ካልሆነ አይደርስም አሉ። እኔም ለእንግዳው እንዲተረጎም ብዬ «ጉራግኛ የሚችል አለ?» አልኩ። ከሚዜዎቹ አንዷ እጇን አወጣች፣ በእልልታ ወጣች። ዲጄው እሷን ሲያይ ምቱን ለቀቀው። ልጅቱ ቀሚሷን ሰብስባ ጀመረች፤ እግሯ መሬት አይነካም፣ እጆቿ እንደ እንዝርት። እውነቱን ለመናገር ግሩም ጉራግኛ ነበር። አያትየው መዳፋቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ፣ ምርቃቱ አፋቸው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ። በኋላ ስጠይቃት አንድ ቃል ጉራግኛ አታውቅም። ስለዚህ «ጉራግኛ የሚናገር» በሉ። አንዲት ቃል ናት ልዩነቷ።

የባሕር ማዶ እንግዳ ካለ ብዙ አትጨነቁ፤ ሙሽራው አጠገብ ያስቀምጡታል፣ ሲነሱ ይነሳል። ከጅቡቲ ለሚመጣ ዘመድ «ዳንስ» ራሱ ይበቃል፤ የእንግሊዝኛውም የጀርመንኛውም ቃል ከድሮ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፣ እንግዲህ ወደ ባለቤቱ መለስነው ማለት ነው። ድሬ ደግሞ ፈረንሳይኛ እንግዳ አይደለም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ ለገሃሬ የሚባለውን ሰፈር እንኳ ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው የሚል አለ፣ የለም ኦሮምኛ ነው፣ የአህያ ወንዝ ነው የሚል አለ፣ እኔ ሁለቱም ደስ ይሉኛል። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። የጭፈራ ምሽትን ፈረንሳዮች ባል ይሉታል፤ ከዚያው ሥር ነው ባሌት የወጣው፣ ባላድ የሚባለው ለስለስ ያለ ዘፈንም እንዲሁ፤ እነሱም ጋ ጭፈራው ዘፈን ሆኗል ማለት ነው። ታዲያ አባቴ ከዚራ ሰፈር ካሉ የሥራ ጓደኞቹ ጋር የለመደውን ይዞ «ዛሬ ባል አለ» ሲል፣ እናቴ ከጓዳ «የማን ባል?» ትላለች። እስኪያረጅ ድረስ ያችኑ ቀልድ ሲደጋግሟት ኖሩ።

አንድ ጊዜ ደግሞ በአዲሱ የባቡር መስመር የሚሠራ ቻይናዊ ኢንጂነር ተጋብዞ ነበር። በእነሱ ምን እንደሚባል ስጠይቀው «ቲያውዉ» አለኝ። የመጀመሪያው ግማሽ መዝለል ነው፣ ሁለተኛው ጭፈራ። ሰውየው ግን አልዘለለም፤ እስክስታ ሞከረ፣ ትከሻው እምቢ ሲለው መላ አካሉን አነቃነቀ፣ ሰው ወደደው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከደብተሩ የሚጠቅመው ሁሉ በመጨረሻ ወደ አንዲት ካርቶን ይገለበጣል፣ በመዳፍ የምትያዝ። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ መስመር፦ ምን ብዬ እጠራለሁ፣ ማን ይጀምራል፣ ምን አልልም። ባለፈው ጥር የያዝኳት እንዲህ ትላለች፦ «የእሷ እናት ወገን፣ ሐረርጌ፤ ሲርባ፤ ኪቦርድ ይቁም፤ አረንጓዴ ሻሽ ያደረጉት አክስት ይጀምራሉ። የእሷ አባት ወገን፣ ጅጅጋ፤ ዒያራ፤ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ረድፍ ነው። የእሱ ወገን፣ ጎንደር፤ እስክስታ፤ አጎትየው ጉልበቱን ያመዋል፣ ወደ መሃል አትጎትቺው። ዳንስ፣ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ፣ ሙሽሮቹ ብቻ።» የምትጽፉት ብዙ ሰው ሲጠራ የሚባለውን መልክ ነው፤ ሶማሊኛው ለብዙ ሰው ዒያራ ነው፣ ኦሮምኛው ሲርባ ሲሆን መጨረሻውን ረዘም ታደርጋላችሁ። ለአንድ ሰው የሚባለውን ለመቶ ሰው ከጮኻችሁ አንድ ሰው ብቻ ይነሳል፣ እሱም አፍሮ ይቀመጣል።

ሰዓትም ቃል ነው እዚህ ከተማ። ድሬ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት በየትኛውም ቋንቋ ብትጠሩት አይነሳም። ሙቀቱ አለ፣ ምሳው አለ፣ ጫቱ አለ። ያን ጊዜ ምርቃቱን፣ ስጦታውን፣ ፎቶውን ጨርሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነፋስ ቢጤ ስትመጣ ጀምሩ። ሐረር ደጋ ስለሆነ ቀደም ይቻላል። የመጀመሪያውን ጥሪ ደግሞ ለእንግዳው ወገን ስጡ፣ ማለትም ከሩቅ ለመጣው። የከተማው ሰው ቆይቶም ይነሳል። ከሩቅ የመጣው ግን በራሱ ቃል ቀድሞ ካልተጠራ ምሽቱን ሙሉ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

የቀረው አነጋገር ነው። የሶማሊኛውን ዒ እንደ አማርኛ ኢ ካላችሁት ቃሉ ይጠፋል፤ ከጉሮሮ ነው፣ ትግሬዎችና ዐረቦች ዐይን የሚባለውን ፊደል እንደሚሉት። ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ። እኔ ለዚያ የጥር ሰርግ ስሄድ ከሰቢያን ጀምሮ ባጃጅ ውስጥ «ዒ፣ ዒያራ፣ ዒ፣ ዒያራ» እያልኩ ነበር። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ፣ አየኝና ደቻቱ ጋ ስንደርስ ከኪሱ የሎሚ ከረሜላ አውጥቶ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፦ «እህቴ፣ ጉሮሮሽን አሞሻል አይደል፣ ያዢ።»